የመምህር ክፍል ለመምህር ይከፈት

የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የመማር ማስተማር ጥራትና የኦንላይን ትምህርት» ነው። ኦንላይኑ ላይ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ግን ሁላችንም የምናውቀውን፣ በስብሰባ የማናነሳውን ነገር ላንሳ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከተቀጠረበት ቀን እስከ ጡረታው ባልደረባው ሲያስተምር አንዴም ሳያይ ሊኖር ይችላል። የምርምር ጽሑፋችንን ሌላ ሰው ይገመግመዋል። ማስተማራችንን ግን በሩን ዘግተን ብቻችንን እንወጣዋለን።

ያልተሞከረ ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ማለትም በመምህራን የማስተማር ሥልጠና፣ ብዙዎቻችን አልፈናል። አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲያይ፣ ስለ ሥራው ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚጠይቅ መልካም ሐሳብ ነበር። በእኛ እጅ ሲገባ ፖርትፎሊዮ መሙላት ሆነ። በቡድን እንድንተጋገዝ የታሰበው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ፤ እሱም ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቀረ። ላልተደረገ ውይይት ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ ፈርመንበት፣ ለበላይ አካል ልከናል! መምህርን በመምህር ማገዝ አልሠራም ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የሞከርነው ቅጽ መሙላትን ነው፣ መተጋገዝን አልሞከርነውም።

ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በእኛ ትምህርት ክፍል ፕሮባቢሊቲ የሚያስተምር ወጣት ሌክቸረር አለ። ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ተማሪዎቹ ግን ፈተና ላይ ይወድቁበታል። አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን ማንም ሳያዛት «አንድ ቀን ገብቼ ልይህ?» አለችው። ገብታም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

የዕለቱ ጥያቄ ስለ በሽታ ምርመራ ነበር። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ታመዋል። ምርመራው ከታመሙት 9ኙን ያገኛል፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 99ኙን በስህተት «ታመዋል» ይላል። ታመሃል የተባለ ሰው እውነትም የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መምህሩ ቀመሩን ጽፎ «ተክታችሁ ሥሩ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ገባችሁ?» ሲል የፊት ረድፎቹ «አዎ» አሉ። እሷ አጠገቧ ያለውን ልጅ ደብተር አየች። ቀመሩን አንዲት ምልክት ሳያዛንፍ ገልብጦ፣ ከሥሩ 90 በመቶ ብሎ ጽፏል። ከጎኑ ያለችውም እንደዚያው። 90 በመቶ ማለት ከታመሙት ውስጥ ምርመራው ያገኛቸው ናቸው። የተጠየቀው ግን «ታመዋል» ስለተባሉት 108 ሰዎች ነው፤ 9 ለ108 ሲካፈል 8 በመቶ ገደማ ነው።

ቡና እየጠጡ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ቀመሩን አታስቀድመው። መጀመሪያ 1,000ውን ሰው በአራት ሣጥን ክፈልላቸው፦ ታመው የተገኙ፣ ታመው ያልተገኙ፣ ጤነኛ ሆነው በስህተት ታመዋል የተባሉ፣ ጤነኛ ሆነው ጤነኛ የተባሉ።» በሚቀጥለው ክፍል እንደዚያው አደረገ። ልጆቹ 9ኙንና 99ኙን ራሳቸው ደምረው ደነገጡ። ቀመሩ ሲመጣ ምኑን ለምን እንደሚያካፍሉ ያውቁ ነበር።

ለዚህ በጀት አልተጠየቀም። ቅጽ አልተሞላም። ከሁሉም በላይ ነጥብ አልተሰጠም! ነጥብ ልትሰጠው የገባች ቢሆን ኖሮ እሱ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ትምህርት ያሰናዳ ነበር፤ እሷም የምታየው እሱን እንጂ የልጁን ደብተር አይሆንም ነበር።

ወደ ኦንላይኑ ልምጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ሲቋረጥ ያደረግነውን ታስታውሳላችሁ። ስላይዳችንን በቴሌግራም ላክንና አስተማርን አልን። ዛሬም ሙድል በተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ ካሉት ኮርሶቻችን ብዙዎቹ ከአንድ ፒዲኤፍ በቀር ምንም የላቸውም። ተማሪው ከኪሱ ፓኬጅ ገዝቶ የሚያወርደው፣ ክፍል ውስጥ ያነበብንለትን ያንኑ ስላይድ ነው። አያሳፍርም? እነዚያ ሁለት ባልደረቦቻችን ግን አራቱን ሣጥኖች በስልክ ቀረጿቸው። ቪዲዮዋ አጭር ናት፤ በደካማ ኔትወርክም ትወርዳለች። ከሥሯ ያ የ90 በመቶ ስህተት የሚያጋልጥ አንድ ጥያቄ አለ። ሌላ ሴክሽን የሚያስተምሩትም እየተጠቀሙባት ነው። ስቱዲዮ ይሠራ፣ ካሜራ ይገዛ የሚለውን አልቃወምም፤ ይደርሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎቻችን የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ውጤቱ ሲመጣ «ተማሪው ደካማ ነው» ማለት ይቀናናል። የእኛን ማስተማር ማን አይቶት ነው ጥፋቱ የተማሪ ብቻ የሆነው?

የእኔ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ለማናችሁም ክፍት ነው። ክቡር ዲን፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ደግሞ ይህን ነው። በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዱ መምህር የሚያምነውን አንድ ባልደረባ ራሱ ይምረጥ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ይግባ፤ ሰዓቱም ከማስተማር ጫናችን ይቆጠርልን። ሪፖርት አይጠየቅ። ያየነው ነገር ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደማይገባም በፊርማዎ የወጣ ደብዳቤ ይሰጠን። ደብዳቤው የትምህርት ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ቢደርሰን ሰዓታችንን እናመቻቻለን።

አመሰግናለሁ።