ሾላችንን አሳምረው ገደሏት

እንደምን ዋላችሁ የሀዋሳ ልጆች! ከሩቅ የመጣችሁም እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። አዘጋጆቹ «ቲቸር፣ ስለ ድሮዋ ሀዋሳ አምስት ደቂቃ ያውሩልን» ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ዛፍ ላወራ ነው።

ሐይቁ ዳር የነበረችውን ሾላ ታስታውሷታላችሁ አይደል? ስሯ ከመሬት ወጥቶ ዱካ መስሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈተና የማርመው እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ፍሬዋ ሲበስል ጦጣዎቹ የነከሱትን ጭንቅላቴ ላይ ይወረውራሉ። አንድ ቀን የአስረኛ ክፍል ባዮሎጂ ዘርግቼ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ አሞራ ከላይ ለቀቀብኝ፣ የአንዱ ልጅ መልስ እንዳለ ጠፋ፣ ምን ላድርግ፣ ሰማንያ ሰጠሁት። ልጁ ዛሬ እዚህ አለ፣ ያው እየሳቀ ነው።

ከጥቂት አመታት በፊት «ማስዋብ» የሚባል ፕሮጀክት መጣ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ግንዷ ድረስ ታይልስ አነጠፉ፣ ዙሪያዋን የሲሚንቶ መቀመጫ ሰሩ፣ ለመቀመጫው መሰረት ሲቆፍሩ የጎን ስሮቿን በመጥረቢያ እየቆረጡ። «ልጄ፣ ስር እኮ አየርና ውሃ ይፈልጋል» ስለው ፎርማኑ «እማማ፣ ዛፉን መች ነካነው?» አለኝ። በሁለተኛው አመት ከጫፏ መድረቅ ጀመረች፣ ቅርንጫፍ ወደቀ፣ «አደገኛ ናት» ተባለና ተቆረጠች። መቀመጫው እስካሁን አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ! ማን ይቀመጥበት?

የፈረሰ ግንብ ዲዛይኑ ካለ መልሰህ ትሰራዋለህ፣ የአያቶቻችን እድሜ ያለው ጥላ ግን በየትኛው ጨረታ ነው የሚገዛው? ቅርስ ሲባል ድንጋይ ብቻ የሚታየን ለምንድነው?

ጣሊያን ፓዶቫ በፈረንጅ አቆጣጠር 1545 የተመሰረተ የእፅዋት ቦታ አለ፣ በ1997 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ውስጡ በ1585 የተተከለች ዘንባባ አለች፣ ለሷ ብቻ የመስታወት ቤት ሰርተውላታል። ለአንድ ዘንባባ! እዛው ጣሊያን ፍሎረንስ ላይ በ1981 ባለሙያዎች ተሰብስበው ታሪካዊ የአትክልት ቦታ ሕያው ሐውልት ነው ብለው ቻርተር አወጡ። ዛፍ አይቆረጥም አላሉም፣ ዛፍማ ያረጃል፣ ያሉት እንክብካቤው አይቋረጥ፣ ተተኪውንም አስባችሁ አዘጋጁ ነው። እኛ ያዘጋጀነው ታይልስ ነው።

ደግሞ ይሄ የፈረንጅ ወሬ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም ዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል፣ በዓሉ ግን የሚከበርበትን ሜዳ፣ ጉዱማሌን ይፈልጋል፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ ይፈልጋል፣ አስፋልት ላይ ይከበር ልትሉ ነው? ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደልም ያው ነው፣ ዛፎቹ ከሄዱ አሞራው የት ያርፋል።

አሁን ወደ ስራ። ሾላዋ ከመቆረጧ በፊት ሶስት ቅርንጫፍ ወስጄ ጀሪካን ቆርጬ ተክያለሁ። ሁለቱ ደረቁ፣ አንዷ ይዛለች፣ ቁመቷ ከወገቤ በልጧል። ክረምት ሲገባ የድሮው ቦታዋ አጠገብ እንተክላታለን፣ ፈቃዱን እኔ እየተመላለስኩ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን በጋውን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣት ሰው ያስፈልጋል፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የተራ ደብተሩ ምግቡ ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰማንያ የሰጠሁህ ልጅ፣ መጀመሪያ አንተ ፈርም።