«በአገራችን ደረጃ አሪፍ ነው» አትበሉን

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ለፊልም ወሬ ብላችሁ ከቤት ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናየው ፊልም «ገን ክሬዚ» ይባላል። በ1950 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ሉዊስ ነው። ወጪው ወደ 400 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ለሆሊውድ ይህ ምንም አይደለም።

የባንክ ዘረፋ ፊልም ሲባል ካዝና፣ ጭምብል፣ መሬት ላይ የተነጠፉ ደንበኞች ነው የምንጠብቀው። እዚህ ባለው ዋናው ዘረፋ ግን የባንኩን ውስጥ አናይም። ካሜራው መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል። ዘራፊዎቹ ጥንዶች፣ ወንዱና ሴቷ፣ ከፊት ናቸው። መኪና የሚያቆሙበት ቦታ እንዳያጡ ይጨነቃሉ። ወሬያቸውንም ተዋንያኑ እዚያው የፈጠሩት ነው። እሱ ወደ ባንኩ ይገባል። ፖሊስ ከች ይላል! እሷ ወርዳ በወሬ ትይዘዋለች። እኛ ልባችን ተሰቅሎ እንጠብቃለን። ከሦስት ደቂቃ በላይ ካሜራው አይቋረጥም። በመንገዱ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች የእውነት ዘረፋ መስሏቸው እንደነበር ዳይሬክተሩ ኋላ ተናግሯል።

ሐያስያኑስ? ያኔ ብዙም ከቁብ አልቆጠሩትም። ርካሽ ፊልም ነው ተብሎ ታለፈ። በ1998 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። (ከፊልሙ ጽሑፍ ደራሲዎች አንዱ ዳልተን ትራምቦ ነው። በፖለቲካ ምክንያት ሥራ ስለተከለከለ የወጣው በሌላ ሰው ስም ነበር።)

ወደ እኛ ልምጣ። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሲወጣ ከሁለት አንዱን እንላለን። ወይ «በአገራችን ደረጃ አሪፍ ነው»፣ ወይ «በጀት የለው፣ ምን ይጠበቃል»። ሁለቱም ስለ ብር ነው። ስለ ፊልሙ ማን አወራ? የመጀመሪያው እንዲያውም ይብሳል። ምስጋና ይመስላል እንጂ ንቀት ነው። እኛ ጎንደሬዎች አዝማሪ ስንሰማ «ማሲንቆህን በስንት ገዛኸው?» አንልም። ግጥሙ ካልጣመን ግን አንምረውም።

እዚህ ከተማ ለዘረፋ ቀረጻ ባንኩን የሚፈቅድ ሥራ አስኪያጅ ማግኘት ዘበት ነው። ባጃጅ ግን ሞልቷል። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ካሜራ ይዞ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅም አይጠፋም። ያንን ሲሠሩ ታዲያ ሐያሲው የት ቆርጦ የት እንደተወ፣ ምን ደብቆ ምን እንዳሳየ ይጠይቃቸው።

ይህን ፊልምም አልምረውም። መጀመሪያ ላይ የወንዱን ዘራፊ አስተዳደግ የሚተርከው የፍርድ ቤት ክፍል ወሬ በዝቶበታል። ምስክር ይነሳል፣ ያወራል፤ ሌላው ይነሳል፣ ያወራል። ይህ የገንዘብ ችግር አይደለም፤ የጽሑፍ ችግር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ጭጋግ ግን ድንቅ ነው። ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በፍርድ ቤቱ ክፍል የማይስማማ ካለ፣ ሲያልቅ ማይኩን ቀድሞ ይውሰድ።