«እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም»

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዶሮው ዛሬም አለ። ለበዓል ይታረዳል ብላችሁ የተወራረዳችሁ ሁሉ ተበልታችኋል።

ዛሬ ስለ ጮቄው ጉዞ ላወራ ነበር፣ ቃል ገብቼ ነበር። ግን የእትዬ ስልክ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እትዬን ታውቋታላችሁ። በአጥር በኩል እየተጣራች ቀረጻ የምታበላሽብኝ። ሳዑዲ ያለችው ልጇ ናት ጉዳዩ። ስሟን አልጠራም። ሁለቱንም ስሟን አልጠራም።

ልጅቷ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች። እንዴት እንደወጣች አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ፓስፖርቷ መዳሟ ጋ ቀርቷል። በራሳቸው ሕግ እንኳ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ግን ማን ሰምቶ። እና ቆንስላ ሄደች፣ ሊሴ ፓሴ ስጡኝ ብላ። ሊሴ ፓሴ ማለት ፓስፖርት ለሌለው ሰው አገሩ እስኪገባ ብቻ የሚሰጥ ወረቀት ነው። ለአንድ ጉዞ ነው። ቦሌ ስትደርሱ ሥራው አለቀ፣ ሌላ ቦታ አትሄዱበትም።

ወረቀቱ እንዲሰጣት ግን መጀመሪያ ኢትዮጵያዊ መሆኗ መጣራት አለበት። አማርኛ መቻል አይበቃም። የፓስፖርት ኮፒ ካለ ጥሩ። ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ያም ከሌለ ቤተሰብ ተጠይቆ። የእትዬ ስልክ ሁሌ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ልጅቷ የኔን ቁጥር ሰጠች። እና ደወሉ።

እትዬ ቤት ነበርኩ። ቡናው ገና አቦሉ ነው። የማላውቀው የውጭ ቁጥር መጣ። አነሳሁት። «እህቴ፣ የእናትየውን ድምፅ ማግኘት እችላለሁ?» አለኝ አንድ ሰው። ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሰውየው ትሑት ነበር፣ ይሄን መናገር አለብኝ። በእነዚህ ቢሮዎች ላይ ስንት እንደምናወራ ታውቃላችሁ፣ እኔም አውርቻለሁ። ይሄኛው ግን «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ፣ አላስቸገርኩዎትም?» ብሎ ነው የጀመረው።

ከዚያ ጥያቄ። ወረዳው? ነገረችው። ቀበሌው? ነገረችው። ደብሩ ማን ነው? «አብማ ማርያም» አለች፣ እንዲያውም ትንሽ ቆጣ ብላ፣ ይሄ ይጠየቃል ወይ በሚል። የልጅቷ አባት በሕይወት አሉ? የሉም። ታላቅ ናት ታናሽ? ታናሽ። ሁሉንም እየመለሰች ነው። እኔ በልቤ በቃ አለቀ እያልኩ ነው።

ከዚያ አንድ ስም ጠራ። «የዚህች ልጅ እናት ነዎት አይደል?»

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። በሰፈራችን እንደዚያ የምትባል ሰው የለችም። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ ተጠጋች፣ እሱ እንዲሰማት። «አይ ልጄ፣ ተሳስተህ ነው። እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም።»

እሱ ዝም አለ። እኛም ዝም። እና ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ።

የሴት ሳቅ ነው። አጠገቡ ናት ለካ። ቁጭ ብላ እየሰማች ነበር ሁሉንም።

ሳቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው። ደጋግሜ በጭንቅላቴ ሰምቼዋለሁ። አንዳንዴ ሳቅ ነው፣ አንዳንዴ ሌላ ነገር ይመስለኛል። እትዬን ስጠይቃት «ምንም አልሰማሁም» አለችኝ። እሷ የማትሰማው ነገር የለም፣ ታውቃላችሁ፤ እዚህ በሹክሹክታ የቀዳሁትን ነገ መልሳ ትነግረኛለች። «እማ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስትል ሁለታችንም ሰማን። እትዬ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ያው ኔትወርክ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባን። ፓስፖርቱን ያወጣላት ደላላው ነው። ስሟን የሙስሊም ስም አደረገው፣ ቶሎ ትቀጠሪያለሽ ብሎ። ዕድሜዋንም ከፍ አደረገው። ስንቱ እንደዚያ ሄዷል። ሴትዮዋ የማርያም ስዕል አንጠልጥላ ያሳደገቻት ልጅ በሌላ ስም ነው ለዓመታት ስትጠራ የኖረችው። በክርስትና ስሟ ቢጠይቋት እንኳ እትዬ «አዎ» ትል ነበር። በቤት ስሟም፣ በቁልምጫውም። በዚያ ስም ግን... እትዬ አልዋሸችም እኮ። የለቻትም።

በነገራችን ላይ ያ ደላላ አለ። እዚሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰላም ይለኛል። «እኔ እኮ ሥራ ነው ያስገኘሁላት» ይላል... እሱን ተዉት። እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም፣ ዶሮውም ይረበሻል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። በ1963 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቪየና ላይ የተፈረመ የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አለ። የቆንስላ ሥራ ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ለዜጎች ፓስፖርትና የጉዞ ሰነድ መስጠት ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ በሰው አገር የታሰረ ሰው «ቆንስላዬ ይነገርልኝ» የማለት መብት አለህ ይላል። ቆንስላ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ጠበቃ እንድታገኝ ሊረዳ ይችላል። ከእስር ግን አያወጣህም፣ የፍርድ ቤቱንም ውሳኔ አይሽርም። እኔ ደግሞ ኤምባሲ ማለት ባንዲራው ሥር ከደረስክ በቃ፣ አገርህ ገባህ የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር። አውሮፓውያኑ የራሳቸው ኤምባሲ በሌለበት አገር ሌላው የኅብረቱ አባል ኤምባሲ ገብተው የአደጋ ጊዜ ወረቀት ይወስዳሉ። የጎረቤት ቆንስላ ሊሴ ፓሴ ሲሰጠን አስቡት። (ሳቅ) እንኳን እሱ፣ የጎረቤት ቀበሌ ማህተም አይመታልንም።

እና ወረቀቱ ቢሰጣትም አላለቀም። መውጫ ያስፈልጋታል፣ ኹሩጅ የሚሉት። ያንን የሚሰጠው ቆንስላው ሳይሆን ሳዑዲ ራሷ ናት። አሠሪዋ ጠፋች ብላ ካስመዘገበች፣ ሁሩብ ከተባለች፣ እሱም መፈታት አለበት። ሰርቃለች ተብሎ ክስ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ይሄ ሁሉ የተመዘገበው በአሻራዋና በዚያኛው ስም ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እትዬ በምታውቀው ስሟ ቢወጣ እዚያ አያሳልፋትም። ደላላው ባወጣላት ስም ከወጣ ደግሞ እናቷ አላውቃትም ብላለች።

በ2006 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው የተመለሰ ጊዜ። ያኔ በቴሌቪዥን ሳይ የማየው ፌስታሉን፣ ብርድ ልብሱን ነበር። አሁን ግን ስንቱ በራሱ ስም መጣ እላለሁ። እንጃ። ይሄን ማሰብ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ደግሞ ዕድለኞች ነን። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት የቆየ ጊዜ ቢሆን የመታወቂያዋን ፎቶ በምን እንልክ ነበር? አሁን በኢሞ ላክን፣ ደረሰ።

ሰውየው ከዚያ በኋላ መልሶ ደወለ። አልተቆጣም። «ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌ ይላክልኝ» አለ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መዝገቧን ገልብጣ «በዚህ ስም የተመዘገበ ነዋሪ የለንም፣ ለሌለ ሰው አልጽፍም» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ። ፍርድ ቤት ሂዱ አለች። ማመልከቻ ተጽፎ፣ ምስክር ቆሞ፣ ዳኛው ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ነው ብሎ ይወስናል።

ምስክሯ እኔ ነኝ እንግዲህ። እጄን አውጥቼ «አዎ፣ ያቺም ይቺም አንድ ናቸው» ልል ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ በእሱ ችግር የለም። ግን እንደዚያ ስል ፓስፖርቱ በሐሰት የወጣ ነው እያልኩ አይደለም? ቦሌ ስትደርስ ይሄ ወረቀት መልሶ እሷን ቢይዛትስ? አንድ የሕግ ሰው ጠየቅኩ፣ «አይመስለኝም» አለኝ። አይመስለኝም! ሌላው ደግሞ «አታንቀሳቅሱት፣ እዚያው ይጨርሱት» አለ።

እትዬ ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ናት። ሰውየው መልሶ ይደውል፣ አሁን አዎ እለዋለሁ ነው የምትለው። ስሙን እየተለማመደችው ነው። አጥሩ ሥር ጎመን እየቀነጠሰች ለብቻዋ ስትጠራው ሰማኋት። መጨረሻውን ታጣምመዋለች። ላርማት አሰብኩና...

ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው። ሰማችሁ? እሺ እትዬ! መጣሁ! ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ወይ እሄዳለሁ ወይ... እንጃ፣ እትዬ፣ መጣሁ አልኩ እኮ!