ዶክተሯ ስልጠና ላይ ናት

[ምስል፦ የተዘጋ በር። በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት።]

«ዶክተሯ ስልጠና ላይ ናት። ሰኞ ተመለሱ።»

ይቺን ወረቀት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? እኔና እናቴ ያገኘናት አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሁለት ታክሲ ቀይረን ከደረስን በኋላ። እናቴ ማንበብ አልቻለችምና አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ተምረው የሚጨርሱት መቼ ነው?» አለች።

ሳቅኩ። ግን ጥያቄው የሚሳቅበት አይደለም። መልሱም እዚያው ዓይኗ ውስጥ ነበር።

[ምስል፦ ዓይን በቅርበት።]

እናቴ ከአራት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ደህና ነበረች። አምና ግን ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይጋርዳት ጀመር። ወደ ምሳ ሰዓት ቀለል ይላታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሞራው ተመልሶ ነው» ብሎ ፈረደ። ሞራ ግን ጠዋት መጥቶ ከሰዓት አይሄድም።

ችግሩ ኮርኒያዋ ላይ ነው። ኮርኒያ ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት ነው። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለ ልገሳ ሲወራ «የዓይን ብሌን» የምንለውም ይህንኑ ነው። ብሌን እንኳ በትክክል ከተባለ መሃል ላይ ያለችው ጥቁሯ ክብ ናት። ግን አንዴ ተለምዷል፤ አልከራከርም።

ከኮርኒያ ጀርባ አንድ ረድፍ ሴሎች ተደርድረዋል። ኢንዶቴሊየም ይባላሉ። ሥራቸው ውኃ መቅዳት ነው። ከዓይን ውስጥ ወደ ኮርኒያ የሚሰርገውን ውኃ ቀን ከሌት እየቀዱ ይመልሳሉ። አዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 2,500 ያህል አሉት። ከሞቱ አይተኩም። ዕድሜ ይቀንሳቸዋል፣ የሞራ ኦፕራሲዮንም የተወሰኑትን ይወስዳል። በጣም ሲያንሱ ኮርኒያው ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ይደበዝዛል። ሌሊት ዓይን ተከድኖ ስለሚያድር ውኃው አይተንም። ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የድሮ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች።]

መፍትሔው ንቅለ ተከላ ነው። የመጀመሪያውን የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ኦሎሙትስ ከተማ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው መንገድ ያው ነበር። የተጎዳውን መሃል ክብ አድርጎ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ፣ የለጋሹን መተካት፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ዙሪያውን መስፋት። ብዙ ጊዜ 16 ስፌት። አንዱ ክር ከጠበቀ መስኮቱ ይጣመማል፤ እይታውም አብሮ ይጣመማል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ግን የኔዘርላንዱ ሐኪም ኸሪት ሜለስ ሌላ መንገድ አሳየ። የተበላሸው የኋላው ንጣፍ ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ እንቀይር።

ሲወራ ቀላል ነው። የሚተከለው ንጣፍ ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ማይክሮን ነው። ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር መሆኑን አስታውሱ። ከለጋሹ ኮርኒያ ሲላጥ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ የሽንኩርት ልጣጭ ይጠቀለላል። እንዲታይ ሰማያዊ ቀለም ይነከራል። በቀጭን ቱቦ ወደ ዓይን ይገባል። እዚያ ሲደርስ እንደልብ በወረንጦ አይያዝም፤ ሴሎቹ ይሞታሉ። ሐኪሙ ኮርኒያውን ከውጭ ቸብ ቸብ እያደረገ ነው ጥቅሉን የሚፈታው። ተገልብጦ ከተቀመጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከሥሩ የአየር አረፋ ይነፋና ንጣፉን ወደ ላይ ደግፎ ይይዘዋል። ታካሚው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በጀርባው ይተኛል።

አሁን ይህንን ማን ላይ ይለማመዱ? እናቴ ላይማ አይሆንም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ሥር በእንስሳት ዓይን፣ ወይም ለተከላ በማይሆን የለጋሽ ኮርኒያ ይለማመዳሉ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሥራ የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለተከላ የሚሆነው ኮርኒያ ደግሞ የሚገኘው ሰው በሕይወት እያለ ቃል ገብቶ፣ ሲያርፍም ቤተሰብ ፈጥኖ ሲደውል ነው። እንዲህ የተገኘ ኮርኒያ መለማመጃ አይሆንም።

[ምስል፦ አዳራሽ። ሻይ።]

ሌላው ስልጠና አዳራሽ ውስጥ ነው። የሙያ ፈቃድ ለማደስ ሲፒዲ የሚሉት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ስልጠና ግዴታ ነው። ለሰርተፍኬትና ለሻይ የሚመጣ የለም አልልም። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለት ቀን አዳራሽ ግማሽ ቀን ማይክሮስኮፕ ይሻላል። አዳራሹም ግን ዋጋ አለው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮርኒያን ፈንገስ ሲያቆስለው ናታማይሲን የሚባል የቆየ ጠብታ አለ። ቮሪኮናዞል የሚባል አዲስ መድኃኒት መጣ፤ ይበልጣል ተብሎ ብዙ ተጠበቀ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለቱን አነጻጸረ። አሸናፊው አሮጌው ሆነ። ይህን ያልሰማ ሐኪም በቅን ልቦና አዲሱን ሊያዝ ይችላል።

[ምስል፦ አገጭ የሚደገፍባት የምርመራ ማሽን።]

ሰኞ ተመለስን። ዶክተሯ እናቴን ማሽኗ ላይ አስደግፋ ጥቂት አየችና «እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ጥርት የሚልልዎት?» አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነገርካት?»

አልነገርኳትም።

ስሟ ለንቅለ ተከላ ወረፋ ተመዘገበ። ከመውጣታችን በፊት ግን ያችን የወረቀቷን ጥያቄ ለራሷ ለዶክተሯ ደገመችላት። ዶክተሯ ሳቀች። «እማማ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ሌላ አለብኝ።»