19ኛው ሰከንድ

እሺ... እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የጀመርኩትን የቤት ኪራይ ታሪክ እንድጨርስላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልችልም። ከገጠር ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ።

የኢንቨርተር ድምፅ ነው፣ የባትሪውን ኃይል ለኮምፒውተሩ እንዲሆን የሚቀይረው ዕቃ። የዚያ የቀበሌው መረጃ ማዕከል። አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሶላር፣ ጥግ ላይ ባትሪ፣ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር። ገበሬው ስልኩን ቻርጅ ያደርግና እዚያው በር ላይ ቆሞ 8028 ይደውላል። ያ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና መረጃ መስመር፣ ነፃ ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘር በድምፅ ይነግረዋል። ማንበብ አይጠበቅበትም። እኔ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

ቆይ፣ እዚያ ስላገኘኋቸው አንዲት እናት ልንገራችሁ። እማማ ነው የምላቸው።

እማማ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ጭቃ ረግጠው መጡ። ነሐሴ ነው፣ ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ አልተገለጠም። ቤሩት ያለችው ልጃቸው የድምፅ መልእክት ልካለች። ማዕከሉ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ወንበር ሰጣቸው፣ ከፈተላቸው። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደ ስፒከሩ ጠጋ አሉ። «እማዬ፣ ደኅና ነኝ...» ትላለች። ሳቀች። ስለ አሠሪዋ የሆነ ነገር አለች። ከዚያ «እማዬ፣ ለእንቁጣጣሽ...»

ጢጥ። ጨለመ።

ሰዓቱን አይቼው ነበር። 19ኛው ሰከንድ ላይ ነው። መልእክቱ ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል።

የእኔ ላፕቶፕ ተሰክቶ ነበር። መቅረጫዬም፣ ስልኬም። ከጠዋት ጀምሮ። ልጁ እንግዳ ነች ብሎ ዝም አለኝ መሰለኝ። በደመና ሶላሩ ጥቂት ነው የሚሰጠው፣ ያን ጥቂት እኔ ጠጣሁት። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ባትሪ ሙልጭ ባለ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ኢንቨርተሩም ቀድሞ የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

ወንጪ ትዝ አለኝ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ያለችው የገጠር መንደር። በ2004 ዓ.ም. የአንድ የውጭ ድርጅት ሰዎች ለልጆች ታብሌት በካርቶኑ እንደታሸገ ሰጥተዋቸው ሄዱ አይደል? ማንም አላሳያቸውም፣ ራሳቸው ከፍተው ተማሩበት። ሁሌ የምናወራው ይሄንን ነው። ግን አዋቂዎቹን የሶላር ቻርጀሩን አጠቃቀም አስተምረዋቸዋል። እሱን ማንም አያነሳውም። እኔ ራሴ ስንቴ ሳወራው አንስቼው አላውቅም። ምናልባት ማዕከል ስንከፍት ኮምፒውተሩን ብቻ... እንጃ። ይሄን አሁን የማወራው ጥፋቴን ለማቅለል ይሆን?

እማማ አልተቆጡም። ባትሪውን በእጃቸው ነካ አደረጉት። «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ ምን አለች?»

እኔን ነው የጠየቁኝ። እኔ የሰማሁትን እሳቸውም ሰምተዋል እኮ። የተማረች ናት፣ ቀሪው ይገባታል ብለው ይሆን? «አልሰማሁም እማማ» አልኩ። ገመዶቼን ስነቅል አዩኝ፣ አላዩኝም... አላውቅም። ሳይመሽባቸው ብለው ወጡ። ለልጁ ያመጡትን አራት እንቁላል ጠረጴዛው ላይ ትተውለት።

ይኸው ጳጉሜ ሊገባ ነው። ትመጣለች? ብር ልካለች? አልመጣም ነው ያለችው? በማግስቱ ፀሐይ ወጥቶ ነበር፣ እኔ ግን በጠዋት መንገድ ጀምሬ ነበር። የልጁ ቁጥር አለኝ። ልደውል እልና ደግሞ... ምን ብዬ ነው የምጀምረው? አሁን እንኳ ስልኬ እዚህ አጠገቤ ተሰክቶ...