በፍርድ ቤት የታገደ የባንክ ሂሳብ፦ እግዱ እንዴት ይነሳል?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ወደ መሀል ከተማ የሚወስድ መንገድ፤ ቀጥሎ የባንክ መስኮት]

ከፎገራ ሜዳ ሩዝ እየሰበሰቡ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚያከፋፍሉ አንዲት ነጋዴ እናስብ፤ ለማብራሪያ ያህል የፈጠርናቸው ሰው ናቸው። ሰኞ ማለዳ ለገበሬዎች የሚከፍሉትን ገንዘብ ለማውጣት ቅርንጫፉ ሲደርሱ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂሳብዎ ታግዷል፤ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ» ይላቸዋል። ሥራ አስኪያጁም የሚያሳያቸው ከፍርድ ቤት የተጻፈ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የእሳቸው ስም እስከ አያት እና «ሌላ ትዕዛዝ እስኪሰጥ ድረስ» የሚል ሐረግ ሰፍሮበታል።

እዚህ የምንነጋገረው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰል በሚባለው ወንጀል ምርመራ ምክንያት ስለሚታገድ ሂሳብ ነው። እዚያው ቆሞ ከባንኩ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ባንኩ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የማንሳት ሥልጣን የለውም፤ አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውርን ለሚከታተለው የመንግሥት ተቋም፣ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት አድርጎ ቢሆን እንኳ ይህንን ለደንበኛው መንገር በሕግ ተከልክሏል። ኢትዮጵያ ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. አገሮች ይህን ወንጀል እንዴት እንደሚከላከሉ በሚገመግመው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል (FATF) የክትትል ዝርዝር ውስጥ የቆየች አገር ስለሆነች፣ ባንኮች በዚህ ጉዳይ ላይ ጥንቃቄ ማብዛታቸው አያስገርምም። ከሥራ አስኪያጁ ማግኘት የሚቻለው የመዝገቡን ቁጥር፣ ትዕዛዙ የተሰጠበትን ቀንና ትዕዛዙን የሰጠውን ችሎት ነው፤ ለጊዜው ይህ ይበቃል።

[ምስል፦ የትዕዛዙ ደብዳቤ በቅርበት፤ የፍርድ ቤቱ ማኅተም]

የችሎቱ ማንነት ለባሕር ዳር ሰው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ትዕዛዙ የመጣው አዲስ አበባ ከሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ ክርክሩ የሚደረገው እዚያው ነው። በሌላ በኩል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በተጨማሪነት ይሠራል፤ ስለዚህ ትዕዛዙን የሰጠው እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሥልጣኑ በሰጠው ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚቀርበው ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ይህንኑ ወንጀል ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 እና በ2017 ዓ.ም. በተከተሉት አዳዲስ ሕጎች ማዕቀፍ ውስጥ እግድና ውርስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውርስ ንብረቱን ከባለቤቱ የሚነጥቅ የመጨረሻ እርምጃ ሲሆን፣ እግድ ግን ምርመራው ወይም ክሱ እልባት እስኪያገኝ ገንዘቡ እንዳይሸሽ የሚያደርግ ጊዜያዊ ጥበቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እግዱ የሚሰጠው ባለ ሂሳቡ ሳይሰማ፣ በዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ ዳኛው እስካሁን ያነበቡት የአንድን ወገን ወረቀት ነው ማለት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው አቤቱታ የሚገባው እግዱን ለሰጠው ችሎት ነው፤ ሌላኛውን ወገን ሲሰማ ትዕዛዙን ሊያሻሽለው ወይም ሊያነሳው ይችላልና።

በእኔ ግምት ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አመልካቹ አምስት ገጽ ሙሉ ስለ መልካም ስሙና ስለ ንጽሕናው ይጽፋል። ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ችሎቱ በዚህ ደረጃ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ወንጀለኛ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ገንዘብ ከተባለው ወንጀል ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ነው። መልሱ መሰጠት ያለበት በብር ቁጥር ነው።

[ምስል፦ የባንክ ስቴትመንት፤ አንድ መስመር በቢጫ ተቀልሟል]

በነጋዴዋ ሂሳብ 2,400,000 ብር አለ እንበል። በምርመራ ላይ ካለ የአዲስ አበባ ገዢ የመጣው 600,000 ብር ብቻ ነው፤ እሱም 80 ኩንታል ሩዝ በኩንታል 7,500 ብር የተሸጠበት ዋጋ ነው። የሽያጩ ደረሰኝ፣ የሚዛን ወረቀቱ፣ የጭነት መኪናው የመጫኛ ሰነድና በዓመቱ ግብር ላይ የተመዘገበው ገቢ አንድ ቀንና አንድ መጠን ከተናገሩ፣ ነጋዴዋ በቅን ልቦና ዕቃ ሸጠው ዋጋ የተቀበሉ ሦስተኛ ወገን መሆናቸውን ያሳያሉ። ችግሩ የግዥው በኩል ነው፤ ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም። የገበሬው ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ያለበት የግዥ ማረጋገጫ የሌለው ነጋዴ፣ ሩዙ ከየት እንደመጣ በቃለ መሐላና በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ደካማ መንገድ ነው።

ዳኝነቱም (ከችሎቱ የሚፈለገው ውሳኔ) በደረጃ መጠየቅ አለበት። በቅድሚያ እግዱ ሙሉ በሙሉ እንዲነሳ፤ ይህ ካልሆነ ከክርክሩ ጋር ባልተያያዘው 1,800,000 ብር ላይ እንዲነሳና በ600,000 ብር ላይ ብቻ እንዲጸና፤ ይህም ካልሆነ ለቤተሰብ ቀለብ፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለግብር የሚሆን የተወሰነ መጠን በየወሩ እንዲለቀቅ ወይም በታገደው ገንዘብ ምትክ ሌላ ዋስትና እንዲያዝ ተብሎ ይጻፋል። ሁሉንም ወይም ምንም ብሎ የሚጠይቅ አቤቱታ ለዳኛው መሀል መንገድ አይተውለትም። ዐቃቤ ሕግ መልስ ለመስጠት ቀጠሮ መጠየቁ አይቀርም፤ ቀጠሮው እንዲያጥርና ምርመራው የደረሰበት ደረጃ በጽሑፍ እንዲቀርብ በዚያው ዕለት ማመልከት ተገቢ ነው።

[ምስል፦ የመዝገብ ቤት መስኮት]

እግዱ ተነስቷል ተብሎ በችሎት ቢነበብም ሂሳቡ በዚያው ሰዓት አይከፈትም። ትዕዛዙ በደብዳቤ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ለባንኩ መድረስ አለበት። ነጋዴዋ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ከመነሳታቸው በፊት በደብዳቤው ላይ ያለውን የሂሳብ ቁጥር ከደብተራቸው ጋር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ፤ አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች ቅርንጫፉ አይቀበለውም፤ ትዕዛዙ የወጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ለማረም ዓባይን ዳግም መሻገር ነው።