ሳጥኗ አልሞተችም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ቀጥሎ ምሳ ነው፤ የወጡ ሽታም ከወዲሁ እየደረሰን ስለሆነ ቃሌን ለመጠበቅ እሞክራለሁ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የቤት ስልካችንን ብናነሳ ጭጭ ብሏል። በኢንተርኔት ስልክ ሲሰጠን የነበረው ድርጅት ተዘግቷል። ስሙን እዚህ ማንሳት አልፈልግም፤ የከሰረን ሰው በአደባባይ መርገም ለማንም አይበጅም። በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ ከሕንጻችን ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ሦስት የስልክ ሳጥኖች ከነገመዳቸው ተደርድረው አየሁ። የጣላቸው ሰው ጨዋ ነው፤ ገንዳ ውስጥ አልወረወራቸውም፤ ምናልባት የሚፈልግ ይኖራል ብሎ ነው ያስቀመጣቸው። አነሳኋቸው። ሁለቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው ናቸው። ሦስተኛዋ እቤቴ እየሠራች ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ከዚህ ብዙም በማትርቀው በቪየና ከተማ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሰንሮኬት የሚባል ኩባንያ ነበር። ለዓመት 199 ዶላር በቅድሚያ ክፈሉና እንዳሻችሁ ደውሉ ይል ነበር፤ ከ200,000 በላይ ደንበኞችም ነበሩት። ሐምሌ 2007፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በድንገት ተዘጋ። የዓመቱን ከፍሎ ሁለት ወር ብቻ የተጠቀመ ሰው ገንዘቡም ስልኩም ቀረ። ያን ጊዜ ሁለት ሌሎች ድርጅቶች ደንበኞቹን ለመረከብ ተስማሙና ብዙ ሰው ወደዚያ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በዚያው በ2007 መገባደጃ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶችም ልክ እንደ ድሮዎቹ የስልክ ኩባንያዎች የደንበኛውን ቁጥር ለሌላ ድርጅት እንዲያስረክቡ ወሰነ። በ2009 ደግሞ አገልግሎት ከማቋረጣቸው በፊት ለደንበኞቻቸው እንዲያሳውቁ ደነገገ። ማስታወቂያው በኢሜይል ሲመጣ ማን ያነበዋል? እኔ አላነበብኩትም። በኋላ ስፈልገው የማስታወቂያ ደብዳቤዎች መካከል ተቀብሮ አገኘሁት።

አሁን ወደ ሳጥኗ ልምጣ። በአንድ በኩል የኢንተርኔት ገመድ ይሰካባታል፤ በሌላ በኩል የድሮው የቤት ስልክ። ድምፃችሁን ቆራርጣ በኢንተርኔት ትልካለች፤ የመጣውን መልሳ ትገጣጥማለች። ይህን ማንም ድርጅት ቢኖር ባይኖር መሥራት ትችላለች። ታዲያ ለምን ዝም አለች? እድር ላይ ስም ሲጠራ «አለሁ» እንደምትሉት ሁሉ፣ ሳጥኗም በየተወሰነው ጊዜ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር መልእክት ትልካለች፤ ስሜ ይህ ነው፣ የይለፍ ቃሌ ይህ ነው፣ አለሁ፣ የሚፈልገኝ ካለ እዚህ ላኩልኝ ትላለች። ኮምፒውተሩ «ተመዝግበሻል» ሲላት ነው መብራቷ የሚረጋውና ስልኩን ስታነሱ ድምፅ የምትሰጣችሁ። ዛሬ ስም ጠሪው የለም። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ገመዷን ነቅላችሁ እስክትጥሏት ድረስ ቀንና ሌሊት «አለሁ» እያለች ትጣራለች። ያ የሚብለጨለጨው መብራት እሱ ነው።

መድኃኒቱም ከዚህ ይመጣል። የምትጠራውን ኮምፒውተር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስሟንና የይለፍ ቃሏን መለወጥ። ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። ቋንቋዋ ሲፕ ይባላል፤ ከ2002 ጀምሮ ብዙዎቹ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች የሚግባቡበት አንድ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የአንዱ ድርጅት ሳጥን በሌላው ዘንድ መሥራት ትችላለች፤ ሌላው ካልከለከለ ወይም ሳጥኗ ካልተቆለፈች በስተቀር።

ነገር ግን ሳጥኗን ከመንካታችሁ በፊት ቁጥራችሁን አድኑ። ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ሳጥን በጥቂት ዶላር ይገዛል፣ ቁጥር ግን አይገዛም። እኛ ሕንጻ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት፣ ስልካቸው ዝም ሲል የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቁጥሬስ?» የሚል ነበር። ያ ቁጥር አዲስ አበባ እህታቸው ቤት በወጥ ቤቱ በር ላይ በእስክሪፕቶ ተጽፏል። የልጅ ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። ለቅሶም ሠርግም ሲነገራቸው የኖረው በዚያ ቁጥር ነው። እናም የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኛችሁን ፈልጉ፤ የደንበኝነት ቁጥራችሁ እዚያ ላይ አለ። ወደ አዲሱ ድርጅት ስትሄዱ ስማችሁንና አድራሻችሁን በድሮው ደረሰኝ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳትለውጡ፣ ስጡ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይቸገራል፤ የአባት ስም አንድ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ቦታ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል፣ የማዛወሩም ጥያቄ በዚያ ይመለሳል። የድሮውን አገልግሎት ደግሞ ቁጥሩ ተዛውሮ እስኪያልቅ ድረስ አትሰርዙ። የተሰረዘ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ሳጥኗ ክፍት ናት ወይስ የተቆለፈች የሚለው ነው። ድርጅቶች ሳጥኑን በነጻ ወይም በርካሽ ስለሚሰጡ ደንበኛው ይዞት እንዳይሄድ ይቆልፉታል። ከጥንቶቹ ሳጥኖች ሊንክሲስ ፓፕ2 የምትባለው፣ ቮኔጅ ለሚባለው የኢንተርኔት ስልክ ድርጅት ተብላ ስትሠራ ተቆልፋ ትመጣ ነበር፤ መልኳ አንድ ዓይነት ሆኖ ስሟ ላይ «ኤንኤ» የተጨመረባት ግን ክፍት ነበረች። ስለዚህ አገላብጣችሁ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከሱቅ በራሳችሁ ገንዘብ የገዛችኋት ከሆነች ብዙውን ጊዜ ክፍት ናት። ከተቆለፈችና ድርጅቱም ከሞተ፣ የይለፍ ቃሉ አብሮ ተቀብሯል። መንገድ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ እኔ ግን ለአንዲት ሳጥን ሦስት ሌሊት መቀመጥ ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

ክፍት ከሆነች ከራሷ ጋር በስልኩ ትነጋገራላችሁ። ይህን ሳሳይ ሰው ሁሉ ይስቃል። አሁን ይችን የሊንክሲስ ሳጥን ተመልከቱ። ስልኩን አነሳለሁ፤ ኮከብ አራት ጊዜ እጫናለሁ፤ ሴትየዋ ትናገራለች። 110ና መሰላሉን (#) ስጫን የሳጥኗን የኢንተርኔት አድራሻ በቁጥር ታነብልኛለች። ጻፉት። ያንን ቁጥር ኮምፒውተራችሁ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ በምትጽፉበት ቦታ ስትጽፉት የሳጥኗ ገጽ ይከፈታል። ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ ከፋብሪካ እንደወጣች ማድረግ ከፈለጋችሁ 73738 ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም፤ የስልኩ ቁልፎች ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብታዩ «ሪሴት» ብሎ ይነበባል። ግራንድስትሪም የምትባለው ደግሞ ኮከብ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም 02። እሷን ወደ ፋብሪካ መመለስ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ 99 ካላችሁ በኋላ ከሥሯ የተጻፈውን የማክ አድራሻ፣ ማለትም የሳጥኗን መለያ፣ አሥራ ሁለቱንም ፊደልና ቁጥር በስልኩ ትጽፋላችሁ። «ኤ» ለማለት 2ን ሁለት ጊዜ፣ «ቢ» ለማለት ሦስት ጊዜ፣ «ሲ» ለማለት አራት ጊዜ። አሥረኛው ላይ ተሳስታችሁ እንደገና ስትጀምሩ የሚሰማችሁን አውቀዋለሁ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ከሦስቱ መስመሮች በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሳጥኗ በተነሳች ቁጥር ከድሮው ድርጅት ትእዛዝ የምትቀበልበት ቦታ አለ፤ እሱን ዝጉት። አለዚያ የጻፋችሁትን ሁሉ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደምስሳው ታገኛላችሁ። የሞተው ድርጅት ኮምፒውተር ስለሌለ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የድረ ገጽ ስም ግን ይሸጣል፤ ነገ የገዛው ሰው ለስልካችሁ የሚያዝ እንዲሆን አትፈልጉም።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ከላይ ያነሳኋቸው እናት ሳጥናቸውን አስተካክዬ፣ ሜሪላንድ ያለው ልጃቸው ጋር ደውለው፣ መርቀውኝ ወጣሁ። ማታ ልጃቸው ደወለልኝ። አዲስ አበባ ሲደውሉ ገና ቁጥሩን ሳይጨርሱ «የተሳሳተ ቁጥር» ይላቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ተሳስተው ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድም አልተሳሳቱም። ስህተቱ የእኔ ነበር። ሳጥኗ ላይ «የመደወያ ሕግ» የሚባል አንድ ረጅም መስመር አለ፤ ስንት አኀዝ ሲሞላ ጥሪውን እንደምትልክ የሚነግራት እሱ ነው። እኔ እዚህ አገር የሚደወለውን 1ና አሥር ቁጥር አስቤ አሥራ አንድ ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ አዲስ አበባ ሲደወል ግን 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ ሰባት ቁጥር ነው፤ አሥራ አምስት አኀዝ። ሳጥኗ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ በቃኝ ብላ ትልከዋለች፤ አራቱ ይቀራሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የሀገራችን ቁጥሮች ሲለወጡ አዲስ አበባ 011 ተሰጣት፤ ከዚህ ወደ ውጭ መደወያውም 011 ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ስንቱን ሰው እንዳደናገረ ሳስበው ይገርመኛል። በሀገር ቤት 011 የሚለው መጀመሪያው ዜሮ ከውጭ ሲደወል ይወድቃል። አዲሱን ድርጅት «ወደ 251 ስደውል አሥራ አምስት አኀዝ እንዲቀበል ሕጉን ስጡኝ» በሉት።

ሁለት የተለመዱ ሕመሞች አሉ፤ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። እናንተ ትሰማላችሁ፣ ወዲያ ያለው ሰው አይሰማችሁም፤ ወይም ትደውላላችሁ፣ ሲደወልላችሁ ግን አይጮኽም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳጥኗ ሳይሆን የኢንተርኔት ራውተራችሁ ነው። ራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል ነገር ካለ አጥፉት፤ እረዳለሁ ብሎ የሚያበላሽ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ሳጥኗ በየሃያ ሰከንዱ ትንሽ መልእክት እንድትልክ አድርጉ፤ ራውተሩ በሩን እንዳይዘጋባት።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ የአደጋ ጊዜ መደወያው 911 ነው። ከ2005 ጀምሮ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች 911 ስንደውል አድራሻችን አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ግዴታቸው ነው። አድራሻውን ግን ሳጥኗ ራሷ አታውቀውም፤ እኛ የነገርነውን ነው ድርጅቱ የሚይዘው። ሳጥናችሁን ወደ አዲስ ድርጅት ስታዞሩ አድራሻችሁም እንደገና ይመዘገባል። አንድ ቤተሰብ ከዚህ ሜሪላንድ ወዳለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሄድ ሳጥኑን ይዞ ሄደ እንበል፤ እንደሰኩት ስልኩ ይሠራል፤ ደስ ይላቸዋል። አንድ ሌሊት አባት ደረታቸውን ይዘው ይወድቃሉ፤ ልጅ 911 ይደውላል፣ በድንጋጤ አድራሻውን በእንግሊዝኛ አስተካክሎ መናገር ያቅተዋል። አምቡላንሱ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ባዶው አፓርታማ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ስትመዘገቡ የአፓርታማውን ቁጥር ሳይቀር ስጡ። ብዙ ድርጅቶች 933 ስትደውሉ ያስመዘገባችሁትን አድራሻ ያነቡላችኋል፤ ዛሬ ማታ ሞክሩት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳጥኗም አብራ ትጠፋለች፤ ተንቀሳቃሽ ስልካችሁ ተሞልቶ ይደር።

ሳጥኗን ወደ ሀገር ቤት ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ አንድ ቃል። የዚህን አገር ቁጥር አዲስ አበባ ላይ መስካት ቀላል ይመስላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትን በእስር የሚያስቀጣ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ብዙ ተለውጧል፤ ቢሆንም በሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጨረስኩ። ከምሳ በኋላ እኔና ሁለት ወጣቶች ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ሳጥኗን፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ፣ ከአዲሱ ድርጅት የተላከላችሁን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይዛችሁ ኑ። የሳጥኗን የራሷን የኤሌክትሪክ መሰኪያም አምጡ። የብዙዎቹ 5 ቮልት ነው፤ የራውተሮች ብዙ ጊዜ 12 ነው፤ ጫፋቸው ግን ይመሳሰላል፣ አንዱ ከሌላው ላይ ጥሩ አድርጎ ይገባል። እዚህ ካሉት ሁለት ሳጥኖች ይህች በስተግራ ያለችው እኔ ባነሳኋት ጊዜ ደህና ነበረች። የገደልኳት እኔ ነኝ፤ በራሴ ራውተር ገመድ። መሰኪያቸውን ያመጡ ሰዎች በሰልፉ ይቅደሙ።

አመሰግናለሁ።